ያልያዝኩለት ቢላ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሰላማዊት እኔ የምኖርበት መቲ ከተማ ድረስ መጥታ አብሬያት ገበያ እንድወጣ ጠየቀችኝ። የደን ባለሙያ ሆና ኢታንግ ተመድባለች፤ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ቡና ተራውን አልፈን ብረታ ብረት የሚዘረጋበት ጋ ስንደርስ ቆመችና፣ «አጎቴ፣ ዕድሜህን ሙሉ ጫካ ለጫካ የዞርክ ሰው ነህ። ሁልጊዜ የምይዘው አንድ ቢላ ምረጥልኝ» አለችኝ። እጇ ላይ ቀይ እጀታ ያላት ሰንጢ ነበረች። መቀስ አላት፣ የጠርሙስ መክፈቻ አላት፣ የጥርስ መጎርጎሪያ እንኳ አልቀራትም። ሻጩ ምላሶቿን አንድ በአንድ እየከፈተ ያሳያታል።

ቀለሟ ሳይቀር ድሮ ከነበረችኝ ጋር አንድ ነበረች። ሰንጢዋን ለሻጩ መልሼ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሰላማዊት ደክሞኝ መስሏት ክንዴን ያዘችኝ።

ጋምቤላ የገባሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ረዳት ቀያሽ ሆኜ ነው። ከጎሬ ስነሳ ሹራብ ለብሼ ነበር፤ ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ፣ ሹራቡን እንደ ሕፃን ታቅፌ ወረድኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ወባ እንዳይዘኝ ስሰጋ አሳለፍኩት። በሁለተኛው ሳምንት ወባው ያዘኝ፤ ስጋቱም አበቃ።

የሥራ ጓደኛዬ ኡጁሉ ይባላል። አኙዋ ነው፤ ባሮ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው። በዕድሜ ቢበልጠኝ ሁለት ዓመት ነው፤ እሱ ግን ሚስትና ገና መራመድ የጀመረች ልጅ ነበሩት። መሥሪያ ቤቱ የቀጠረው መንገድ እንዲመራንና ታንኳ እንዲቀዝፍልን ነበር። በተግባር እኔን ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጠው ሣር ውስጥ አቅጣጫ ሳይጠፋ እንዴት እንደሚኬድ፣ ችካል ከየትኛው እንጨት እንደሚጠረብ፣ የደረቀ ዓሣ ሲገዛ የቱ ጋ እንደሚሸተት ያወቅሁት ከእሱ ነው። ምሳችንን አንድ ዛፍ ሥር እንበላለን፤ እሱ ማንጎ ይልጣል፣ እኔ እቀበለዋለሁ።

ከመጀመሪያው ደሞዜ ያቺን ባለ ቀይ እጀታ ሰንጢ ገዛሁ። ኮርቼባት ለኡጁሉ ሳሳየው አገላብጦ አያትና፣ «ጥሩ መጫወቻ ነው» አለ።

«ስለቷ እኮ ፀጉር ይላጫል!»

«ይላጫል። አሁን በአንድ እጅ ክፈት።»

ሞከርኩ። ጥፍሬ ጫፏ ላይ እየተንሸራተተ አቃተኝ።

«ጫካ ውስጥ፣ ውሃ ላይ፣ አንድ እጅ ሁልጊዜ ሌላ ነገር ይዟል» አለኝ፤ ከወገቡም የራሱን ቢላ መዘዘ። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ ስለቱ ከመዳፍ ትንሽ የሚረዝም፣ ጀርባው በእንጨት ቢመቱት የማይደነግጥ ወፍራም ብረት ነው። ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። እንጨቱ በላብም በዓሣ ቅባትም እንዳያንሸራትት ሆን ተብሎ ሳይለሰልስ ቀርቷል። አፎቱ ቆዳ ነው። «ይዝጋል» አለ ኡጁሉ። «ይዛግ። ወንዝ ዳር ድንጋይ ሞልቷል፣ እስለዋለሁ።» የሠራለትን ቀጥቃጭ ሊያሳየኝ ቃል ገባ። እኔም በሚቀጥለው ወር አሠራለሁ አልኩ።

ያን ሰሞን ከደጋ በመጣነውና በአኙዋዎች መካከል ጥል ተነስቶ የከተማው ፀጥታ ተበላሽቶ ነበር። ሰው ከመሸ አይወጣም፤ ቀንም ቢሆን ገበያተኛው ቶሎ ይበተናል። ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ መውጫ ላይ ኬላ ቆሟል። የሚፈትሹት ሰዎች እኔንና አለቃችንን ጋሽ በላይን አይተው እጃቸውን ያወዛውዙልናል። ኡጁሉን ግን ሁልጊዜ ከመኪና ያስወርዱታል። እጁን ወደ ላይ አንስቶ ይቆማል፣ ይዳብሱታል፣ ይመለሳል። አንድ ቀን፣ ቢላ ተገኘበት ተብሎ አንድ የሠፈሩ ወጣት ሲደበደብ አብረን አይተናል። አይተን መንገዳችንን ቀጠልን።

ወንዙን ልንለካ የተነሳንበት ጠዋት፣ መስከረም ገብቶ ባሮ ገና አልጎደለም ነበር። ኡጁሉ መኪናው ጋ ሲደርስ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ቢላውን ከነአፎቱ ከሸሚዙ ሥር አወጣ።

«ግርማ፣ አንተ ያዝልኝ። አንተን አይፈትሹም። ኬላውን ስናልፍ ትሰጠኛለህ።»

«ቢያገኙብኝስ?»

«አንተን አይፈትሹም» አለ ደግሞ።

«መኪናው ላይ ሁለት ገጀራ አለን እኮ።»

«ገጀራ ለሣር ነው። ወንዙ ሞልቷል፣ ገመድም አለ።»

እውነቱን ልናገር፤ እንደማይፈትሹኝ እኔም አውቅ ነበር። ግን የዚያ ወጣት ፊት ዓይኔ ላይ መጣብኝ። «ሰንጢዬ አለች፤ እሷ ትበቃናለች» አልኩት። ኡጁሉ አልተከራከረም። ቤቱ ቅርብ ነበርና ሮጦ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ኬላው ላይ እንደ ልማዱ አስወረዱት። እኛን አልነኩንም።

ሥራው ቀላል ነበር። የናይሎን ገመድ ከወንዙ ማዶ ለማዶ ወጥረን፣ ታንኳዋ ገመዱን ይዛ ስትሻገር እኔ በእንጨት ጥልቀቱን እለካለሁ። ጋሽ በላይ ዳር ቆሞ ይመዘግባል። መኪናው ጭቃ ፈርቶ ከላይ፣ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ገጀራዎቹም እዚያው ናቸው። ውሃው ቡናማ፣ ከባድ ነበር፤ እርጥብ አፈር ይሸታል።

መሐል ወንዝ ላይ ሳለን ኡጁሉ ጮኸ። ቀና ስል ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ እየተንከባለለ ይመጣል። ዞር የምንልበት ጊዜ አልነበረም። ዛፉ ገመዱን መታው፣ ገመዱ ታንኳዋን ገለበጣት፣ ሁለታችንም ውሃ ውስጥ ገባን። ስወጣ በግራ እጄ የታንኳዋን ጠርዝ ይዣለሁ። ኡጁሉ ከጎኔ ነው፤ ክንዴን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ገመዱ ጭኑ ላይ ተጠምጥሞ፣ በዛፉ ክብደት ተወጥሮ ወደ ታች ይጎትተዋል።

«ቁረጥ!» አለኝ።

ሰንጢዋን ከኪሴ አወጣሁ። በአንድ እጄ አልከፈት አለችኝ። በጥርሴ ይዤ ከፈትኳት። ገመዱን መገዝገዝ ጀመርኩ፤ ጥቂት ክሮች ተበጠሱ። ጭንቅላቱ ይሰምጣል፣ ይወጣል። «ቁረጥ!» ባለኝ ሰከንድ ባለ በሌለ ኃይሌ ጫንኩ። መቆለፊያ የሌላት ስለት ታጥፋ በራሴ ጣቶች ላይ ተዘጋች። ሕመሙ አልተሰማኝም፤ ጣቶቼ እንደማይታዘዙኝ ብቻ አየሁ። ሰንጢዋ አመለጠችኝ።

ኡጁሉ ሰንጢዋ ስትወድቅ አይቷል። ከዚያ በኋላ ቁረጥ አላለኝም። ጋሽ በላይ ከመኪናው ገጀራ ይዞ ሮጦ ደርሶ ዳር ያለውን ገመድ ሲቆርጠው፣ ዛፉ ተገላብጦ ጓደኛዬን ይዞት ሄደ።

እኔን ታንኳዋ ወደ ዳር አወጣችኝ፤ የእሱ አስከሬን የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው።

እጄን በፋሻ ጠቅልዬ ለቅሶ ደረስኩ። ማንጎ ዛፍ ሥር ሰው ሞልቷል፤ ሴቶች በቋንቋቸው መዝሙር ይዘምራሉ። የኡጁሉ ሚስት አርየት ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ የኡጁሉ አጎት፣ አማርኛ የማይችሉ ሽማግሌ ነበሩ። እኔን ሲያዩ አንድ ነገር ጠየቁ። አርየት ተረጎመችልኝ።

«ኡጁሉ ያለ ቢላ ውሃ አይገባም። ቢላው የት ነበር? ይላሉ።»

ሰው ሁሉ ያየኛል። «የዚያን ቀን... ረስቶት ነው» አልኩ።

አርየት ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። በዝግታ፣ እኔ ብቻ እንድሰማት አድርጋ፣ «አልረሳም» አለችኝ። «ተመልሶ መጣ፣ ቢላውን በእጄ ሰጠኝ። ግርማ ፈራ፣ አለ።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ በቋንቋቸው ጥቂት ቃል ተናገረች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጃቸውን ዘርግተው የተጠቀለለውን እጄን በሁለት መዳፋቸው ያዙ። በኋላ አብሮኝ ለቅሶ የመጣውን፣ ቋንቋውን የሚያውቅ የሥራ ባልደረባዬን ምን እንዳለቻቸው ጠየቅሁት። «ረስቶት ነው አለቻቸው» አለኝ።

ለምን እንዳለች እስከ ዛሬ አሰላስላለሁ። ያን ሰሞን አንዲት ቃል መንደር ታቃጥል ነበር፤ ምናልባት ሌላ ሰው እንዳይሞት ብላ ይሆናል። ምናልባት ለልጇ ብላ ይሆናል። ለእኔ ብላ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላምታዬን ተቀብላ አታውቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጇን ይዛ ደቡብ ሱዳን ወዳሉ ዘመዶቿ ሄደች። በመንገደኛ መልእክት ልኬ ነበር፤ መልስ አልመጣም። መልእክቱ ውስጥም እውነቱን አልጻፍኩም።

ለብዙ ዓመት ይህን ታሪክ ለአዳዲስ ቀያሾች ስነግር የቢላ ትምህርት አድርጌው ኖርኩ። የሚታጠፍ አትግዙ፣ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የዘለቀ ይሁን፣ በአንድ እጅ ይመዘዝ፣ እላለሁ። ጠዋት መኪናው ጋ የሆነውን እዘለዋለሁ። ወንዝ ላይ እጀምርና ወንዝ ላይ እጨርሳለሁ። ያዳመጠኝ ሁሉ አዝኖልኝ ይሄዳል፤ ሐዘናቸውንም ተቀብያለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ሰላማዊትን አንድ ሻይ ቤት አስቀምጬ ከጠዋቱ ጀመርኩላት። ዝናብ መጥቶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየጮኽኩ ነበር የምነግራት። ስጨርስ ሻይዋ ቀዝቅዟል። ሌሎቹ እንዳደረጉት እጄን ትይዘኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልያዘችኝም።

«ያኔ ቢላውን አንተ ላይ ቢያገኙት ምን ያደርጉህ ነበር?» አለችኝ።

«ይቀሙኝ ነበር።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም» አልኳት። ይህንን ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነበር።