በናናው ጣሳ ውስጥ የተቀበረው የእንስራ አንገት

ላሊበላ ውስጥ ከሽማግሌ ሁሉ አብልጣ ያጋባች ሴት ብትኖር ወይዘሮ ጽጌማርያም ናት፤ ያጋባችው ግን ሰው ሳይሆን አትክልት ነው። ግቢዋ ድፍን አለት ስለሆነ ዶማ ቢያርፍበት ብልጭታ እንጂ አፈር አይወጣውም። እሷ ደግሞ ለአለት የምትረታ አይደለችም። የዘይት ጣሳ፣ የቀለም ባልዲ፣ አፉ የተቆረጠ ጀሪካንና አንድ ያረጀ የአይሱዙ ጎማ ደርድራ ጓሮ አደረገችው።

«አንድ ጣሳ ከመግባታቸው በፊት ዘር ይቆጠራል» ትላለች። ቲማቲምና ድንች የሥጋ ዘመድ ናቸው፤ አንዱን የያዘ በሽታ ሌላውንም አይምርምና አይጋቡም። ካሮትና ሽንኩርት ባዳ ስለሆኑ ይስማማሉ፤ አንዱ በጠረኑ የሌላውን ተባይ ያባርራል። በሶብላ ከቲማቲም ሥር ደስ ብሏት ትኖራለች። አሪቲ ግን ለብቻዋ ነው፤ «የሷ ነገር ምናኔ ነው፣ ተዋት» ትላለች ጽጌማርያም። ናና ደግሞ አትታመንም። ሥሯ እንደ ሰፈር ወሬ ውስጥ ውስጡን ሄዶ የጎረቤቷን እርጥበት ይጨርሳል። ለዚህም ከሴት አያቷ የወረሰችው ብልሃት አላት፤ የተሰበረ እንስራ አንገት ጣሳው መሐል ትቀብርና ናናዋን እዚያ ቀለበት ውስጥ ትተክላለች። ዙሪያውን ሰላጣው በሰላም ያድጋል።

«ለጎመን እንዲህ ከተጨነቅሽ፣ ለንጋትማ መልአክ ልታወርጂላት ነው!» ይሏታል ጎረቤቶቿ።

ንጋት አንድ ልጇ ናት። መልአክ ባይወርድም የኔሰው የሚባል የፍላቂት አናጢ መጣ፤ ንጋትም ወደደችው፣ እናትም ወደደችው። ሽማግሌ ተላከ፣ የሰፈሩ ቄስ መምሬ ደግሰው ዘር ቆጠሩ። በአባት በኩል እስከ ሰባት ቤት ጥርት አለ። በጽጌማርያም እናት በኩል ግን ቆጠራው አያቷ ላይ ቆመ። አያቷ በክፉ ቀን መንገድ ላይ የተገኘች የአምስት ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጓት ሰዎች ሰጠኝ ብለው ስም አወጡላት፣ ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም። መምሬም «የማይታወቀውን እግዜር ይወቀው» ብለው አሳለፉት። የሠርጉ ቀን ተቆረጠ፣ ጌሾው ተወቀጠ።

የሙሽራው እናት ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ የልጅቱን ቤት ልታይ ከፍላቂት መጣች። ሳቂታ ሴት ናት፤ ገና ከበር ጀምራ በጣሳዎቹ ትስቅ ነበር።

«ኧረ እኒህስ ከኛ ሠርግ በፊት ተሞሽረው የለም እንዴ! እስቲ ናና ልቁረጥ፣ ሚኒባሱ ሆዴን አገላብጦታል።»

«ይቁረጡ፣ የርስዎ ነው» አለች ጽጌማርያም።

አመተ ጊዮርጊስ ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ስትይዝ ጣቷ ሸክላ ነካ። አፈሩን ጫር ጫር አደረገች። ሳቋ ተቆረጠ።

«ይኼን ማን አስተማረሽ?» አለች አመተ ጊዮርጊስ፣ ከአንቱታው ድንገት ወርዳ።

«ምኑን?»

«ይኼን አንገት! ይኼ የኛ ቤት ነው እኮ። ኩልመስክ ላይ ቅድመ አያቴ ወለላ እንዲህ ነበር የምትተክል አሉ። ከኛ ቤት ሴት በቀር ሲያደርገው ያየሁት የለም።» አፈሩን ከሸክላው ላይ ጠረገች። «አያቴ እስክትሞት ታናሽ እህቷን ስትጣራ ኖረች። በክፉ ቀን ስደት መንገድ ላይ ከእጇ የጠፋችባትን። ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ፣ አለሜ የምትባል።»

ጽጌማርያም ጎማው ላይ ዘጭ አለች፤ ከሥሯ ለተጨፈለቀው ጎመን እንኳ አላዘነችም። ያን የተሰነጠቀ ጆሮ በልጅነቷ ስትዳብሰው ነው ያደገችው። «እናቴ አለሜ ነበር የምትለኝ» ብላ አያቷ የነገረቻት ለእሷ ብቻ ነው። ከእሷ በቀር በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም። «ከገበያ የለመድኩት ነው» ብትል ያበቃል፤ ሠርጉም ይሠረጋል። ንጋት በሩ ላይ ቆማለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አለሜ» አለች ጽጌማርያም፣ «አያቴ ናት።»

መምሬ ደግሰው ተጠርተው መጡ። በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከንጋትም ከየኔሰውም ተነስተው አራተኛው ቤት ላይ ወለላ ዘንድ ተገናኙ። እንደገና ቆጠሩ። ጣታቸውን አጥፈው «ሰባት አልሞላም፤ ጋብቻው አይሆንም» አሉ።

«ዝም ብትይስ ኖሮ?» ጮኸች ንጋት። «ማን ያውቅብሽ ነበር፣ እናቴ? ማን?»

«እኔ» አለች ጽጌማርያም።

አመተ ጊዮርጊስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ወደ በሩ ሄደች፤ ደፉ ላይ ስትደርስ እግሯ ተያዘ። አማት ሆና እንዳትገባ ተከለከለች፤ ዘመድ ሆና ትግባ ቢሏት ደግሞ በምን ዓይኗ? ወጪ ወራጁ ቆሞ ያያት ጀመር።

ንጋት እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ሄዳ ክንዷን ያዘቻት።

«ግቡ እንጂ፣ አክስቴ» አለቻት። «በር ላይ ቆሞ አይለቀስም።»