በአመድና በሎሚ የታጠቡት ቁጥሮች

ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ አደባባይ መንገድ መሻገር አቅቶኝ ስቆም፣ አንድ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ በአንድ እጁ መኪናውን ሁሉ አስቁሞ በሌላው ዘንቢሌን ተቀብሎ አሻገረኝ። ማዶ ስንደርስ መነጽሬን አወጣሁና ደረቱ ድረስ ተጠግቼ ቁጥሩን ማንበብ ጀመርኩ። ልጁ ደነገጠ።

«እማማ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

ሳቄ መጣ። ሰው ቁጥሩ ሲነበብበት ለምን እንደሚደነግጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አንዴ በደርግ ዘመን፣ በዚሁ በልደታ፣ ሁለት የፖሊስ ቁጥሮች በእኔ እጅ አገር ሊያተራምሱ ነበር።

አባቴ ከወሎ መጥቶ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ልብስ ስፌት ቤት የከፈተ ሰው ነበር። እኔ ያን ክረምት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ቁልፍ እተክልለታለሁ፣ በከሰል ካውያ እተኩስለታለሁ። ነሐሴ ላይ ቤታችን በካኪ ይሞላል። የአብዮት በዓል ሰልፍ ስለሚመጣ የሰፈሩ ፖሊሶች ዩኒፎርማቸውን ሊያስጠብቡና ሊያስተኩሱ ይመጡ ነበር። ደረታቸው ላይ ስም የለም፤ ከኪሱ በላይ የምትሰካ የናስ ቁጥር ብቻ ነበረች። አባባ ዩኒፎርም ሲቀበል መጀመሪያ ቁጥሯን ነቅሎ እዚያው ልብስ ኪስ ውስጥ ይከታትና ኪሱን በክር ይሰፋዋል። «የሰው ስም ከኪሱ አይውጣ» ይል ነበር። ይህ ሕጉ ነው፤ ቀልድ የለበትም።

አንድ ዓርብ አባባ ለጁምዓ ሶላት ሲሄድ ሁለት የተተኮሱ ዩኒፎርሞች ቀርተው ነበር። አንዱ የአስር አለቃ በላይነህ ነው። በላይነህ ሳቂታ ወጣት ነበር፤ ለጥቅምት ሰርጉ አባባ ዘንድ ሱፍ እያሰፋ ነበር። ሌላው የአስር አለቃ ጎሹ ነው። ጎሹ ፊቱ ፈትቶ አያውቅም፤ በመንገዱ ሲመጣ ልጆች ኳሳቸውን አቅፈው ይበተናሉ። ቁጥሮቻቸውን ከኪስ ባወጣሁ ጊዜ ዝገት ለብሰው አየኋቸው። ለሰልፍ እንዲህ ሆነው ይውጡ? አመድና ሎሚ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን አዘጋጀሁና ሁለቱንም አንድ ላይ ዘፍዝፌ እስኪያብረቀርቁ ፈተግሁ። ከዚያ በልበ ሙሉነት ሰካኋቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ የአንዱን ለአንዱ ሰጥቼ ኖሯል።

ሰዎቹ እንዴት አላዩትም ትሉ ይሆናል። ቁጥር ለባለቤቱ አልተሠራም። ደረት ላይ ነው፤ ባለቤቱ ቁልቁል ቢያየው ተገልብጦ ይታየዋል፣ የሚያነበው ሌላው ሰው ነው። እነሱም ማብረቅረቁን አይተው አመሰገኑኝ። እኔም ኮራሁ!

ሰልፉ አለፈ፤ አደይ አበባ ወጣ፤ የመንገዱ ጭቃ ግን ገና አልደረቀም ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ በላይነህ ወደ ሱቃችን ገባ። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ጋሼ ሰይድ፣ ሱፉን ያቁሙት» አለ አባባን። «የሰርግ ፈቃዴ ተሰርዟል።»

«ምነው ልጄ?»

«ምኑን ልንገርዎት! አንዲት በምጥ የተያዘች ሴት በዳቦ ጋሪ ሆስፒታል ያደረስኳት እኔ፣ ባሏ የምስጋና ደብዳቤ ጽፎ የተጨበጨበለት ጎሹ። የበቆሎ ሻጯን የከሰል ማንደጃ በእርግጫ የገለበጠው ሌላ፣ ክስ የተጻፈብኝ እኔ። በዚያ መንገድ አላለፍኩም ብዬ ለጣቢያችን አዛዥ ለሻምበሉ ብምል፣ ‹ቁጥር አይዋሽም› አለኝ።»

መርፌ ይዤ እንደተቀመጥኩ ደረቱን አየሁ።

«አስር አለቃ፣ ቁጥርዎ ስንት ነው?» አልኩት።

«ሁለት መቶ ስምንት» አለ፣ ዝቅ ብሎ እንኳ ሳያይ።

ደረቱ ላይ ያለው ሦስት መቶ አስራ አምስት ነው የሚለው።

በላይነህ ሳልነግረው የሱፉን ጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። እሱ እንደወጣ እያለቀስኩ ለአባባ ሁሉንም ነገርኩት። በዚያ ዘመን በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ የሚገባ ሰው አልነበረም፤ የፖሊስ ቁጥር መለዋወጥ ደግሞ ምን ተብሎ እንደሚተረጎም አላህ ይወቀው። አባባ የስፌት መኪናውን አቆመ። ውኃ ጠጣ። ኮቱን ለበሰ።

«አባባ፣ ቢያስሩንስ?»

«የልጁ ሰርግ በእጅሽ ተበላሽቷል። ተነሺ።»

ጣቢያው ደርሰን በሻምበሉ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ስለ አመዱና ስለ ሎሚው ተናገርኩ። ሻምበሉም ሁለቱን አስጠራና ጎን ለጎን አቆማቸው፣ መዝገቡን ገልጦ ደረታቸውን አነበበ፣ እንደገና መዝገቡን አነበበ። ከዚያ ጠረጴዛውን እየመታ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። አባባ ብቻ አልሳቀም፤ ገና ትንፋሹን አልሰበሰበም ነበር።

ጎሹ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ማንደጃውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «በላይነህ ሲቀጣ ሰምቼ ዝም አልኩ።»

«ምስጋናውስ? ያንተ እንዳልሆነ እያወቅክ ለምን ተቀበልክ?» አለው ሻምበሉ።

«ሰው ሲያጨበጭብልኝ የመጀመሪያዬ ነው፣ ሻምበል። እስቲ አንድ ቀን ልያዘው፣ አንድ ቀን ልያዘው እያልኩ ሰነበትኩ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ስፈራው የኖርኩት ሰው አሳዘነኝ።

በላይነህ ፈቃዱን አገኘ። አባባ ሱፉን በአራት ቀን ጨርሶ ሰጠው፤ እኔም ለካሳ የከረባት መርፌ ከራሴ ገዝቼ ሰካሁለት፣ ያለ ቁጥር። ጎሹ ቅጣቱን ከተቀበለ በኋላ አዲስ ማንደጃ ገዝቶ ለበቆሎ ሻጯ ወሰደላት። መጀመሪያ ስታየው ሮጣ ነበር አሉ። ኋላ ግን ከሥራ ሲወጣ እሷ አጠገብ ቆሞ በቆሎ ሲግጥ እናየው ጀመር፤ ልጆቹም ኳሳቸውን ማቀፍ ተዉ።

በሚቀጥለው ክረምት አንድ ቀን ጎሹ ከጉልበቱ በታች ጭቃ ብቻ ሆኖ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። ጎርፍ የገባባቸውን ሁለት አሮጊቶች ተሸክሞ ማውጣቱን ጠዋቱን ሰምተን ነበር። ደረቱን ወደ እኔ ነፋ።

«አንብቢልኝ» አለ።

«ሦስት መቶ አስራ አምስት።»

«የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ጋሼ ጎሹ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ፈገግ አለ፤ ጥርሱን ያየሁት ያን ዕለት ነው። እሱ ሲሄድ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ሁለቱ አሮጊቶች መጻፍ አይችሉም ነበርና ሄጄ ጠይቄያቸው፣ በእነሱ ስም ለጣቢያው የምስጋና ደብዳቤ ጻፍኩ። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩት። ደብዳቤው በጣቢያው ሰልፍ ላይ ሲነበብ ጎሹ አለቀሰ ብሎ በላይነህ ነግሮኛል።

ስለዚህ ሜክሲኮ ላይ ለዚያ ለደነገጠው ልጅ «ምንም አላጠፋህም» አልኩት። «ለአለቃህ ደብዳቤ ልጽፍልህ ነው። ምስጋናህ ለሌላ እንዳይሄድ ቁጥርህን ደግሜ ላንብብ።»

ልጁ ዘንቢሌን እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ደረት ለማንበብ ሞከረ። ተገልብጦበት መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።