ከአክስቴ ባል የገዛኋት የስፌት መኪና

ባለፈው ሰሞን ልጄ በስልኳ አይታ ያዘዘችው ቀሚስ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ ቆቦ ደረሰላት። ፌስታሉን ስትፈታው ቀለሙም ሌላ፣ ልኩም ሌላ ሆኖ ተገኘ። አንደኛው እጅጌ ላይ ደግሞ የተተረተረ ቦታ አለ። ሻጯ ጋ ደውላ ትጠይቃለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቀሚሱን አጣጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

«ምነው?» አልኳት።

«ተይው እማዬ። ልጅቷ የጓደኛዬ የአክስት ልጅ ናት። ለአንድ ቀሚስ ብዬ ሰው አልቀየምም።»

ትቻት ወደ ጓሮ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ ቀሚስ እንዲህ መናደዴ ለራሴም ገረመኝ። ቆይቼ ሳስበው በቀሚሱ አልነበረም የተናደድኩት።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። የምንኖረው ሮቢት፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የእናቴና የእኔ ብቻ ሆኗል። መሬታችንን ሌላ ሰው ለእኩል ያርስልናል። ዝናቡ በደህና የጣለ ዓመት ማሽላው ሰው ይውጣል፤ ውስጡ የገባን ሰው በድምፁ ካልሆነ አታገኙትም። የቀረ ዓመት ግን አገዳው ለከብት እንኳ አይሆንም። እናቴ የምትፈራው ያን ሁለተኛውን ዓመት ነው። ዋጃ ያለ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ በዕድሜው ከእናቴ ብዙም የማያንስ ሰውዬ ሽማግሌ ልኮ ሲጠይቀኝ «አይሆንም» ለማለት አልደፈረችም፤ «እስከ ፋሲካ ጠብቁን» ብላ መለሰቻቸው።

እኔ ደግሞ ሁለት ክረምት ቆቦ አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀምጬ ሙያውን ለምጄዋለሁ። የቀረኝ የራሴ መኪና ነው። መኪና ካለኝ የሮቢትን ሴቶች ሁሉ አለብሳለሁ፤ እናቴንም እችላለሁ፤ የዋጃውም ሰውዬ ሌላ ይፈልጋል። ያሳደግኳቸውን ፍየሎች ለመሸጥ የቆረጥኩት ለዚህ ነበር።

የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ስንዱ፣ ይህን እንደሰማች ከቆቦ መጣች። ባሏ ጋሽ አያሌው ገበያው አጠገብ ሱቅ አለው፤ ድስት፣ ፋኖስ፣ ብስክሌት፣ የስፌት መኪና ይሸጣል።

«ከባዕድ ሄደሽ ከምትታለዪ እኛ ጋ ያለውን ውሰጂ» አለችኝ። «ሥጋችን አይደለሽ እንዴ?»

ማሽላው ታጭዶ ያለቀበት ሰሞን ነበር። ቆቦ ስገባ መንገዱ ዳርና ዳር ሰው ሁሉ ጥንቅሽ ይዞ ያኝካል፤ የተተፋው ልጣጭ መሬቱን አልብሶታል። ሱቁ ውስጥ መኪናዋ ጨርቅ ተጥሎባት ቆማለች። ጋሽ አያሌው ጨርቁን ሲገልጠው ዓይኔ ፈዘዘ። ጥቁርና አንጸባራቂ ናት፤ ጎኗ ላይ ወርቅማ አበባ ተስሎባታል።

«ትናንት ከካርቶን የወጣች ናት» አለ።

ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቁራጭ አቡጀዲ ቋጥሬ መጥቻለሁ። ያስተማረችኝ ሴት «ሳትሰፊባት ገንዘብሽን እንዳታወጪ» ብላ አጥብቃ ነግራኝ ነበር። ቋጠሮውን መፍታት ስጀምር ጋሽ አያሌው ሳቀ።

«እኔን ነው የምትፈትኚው?»

አክስቴም አብራው ሳቀች። ፊቴ ነደደ፤ ቋጠሮውን መልሼ አጠበቅኩት። ደረሰኝ የሚለውን ቃልማ ገና ሳልጨርሰው «ከዘመድ ደረሰኝ?» ብሎ አቋረጠኝ፤ የፍየሎቼን ብር ቆጥሬለት መኪናዋን ወሰድኩ። ባዕድ ቢሆን ኖሮ ተቀምጬ ፔዳሏን እየረገጥኩ፣ ስፌቱን በጥፍሬ እየሳብኩ፣ ካላማረኝም ወደ ቀጣዩ ሱቅ እሄድ ነበር። ያን ቀን ግን አፌን ያሰረው ፍቅር መሰለኝ። አሁን ሳየው ይሉኝታ ነው፤ እነሱም ያን ይሉኝታዬን አውቀው ነበር የተጠቀሙበት።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ጎረቤታችን ዘሀራ ነበረች። ለልጇ ሰርግ የምትለብሰውን ጨርቅ ከኮምቦልቻ አስመጥታ እኔን አምና ሰጠችኝ። መኪናዋ ጥቂት እንደሄደች ስፌት መዝለል ጀመረች። ክር ቀጠልኩ፤ በጠሰችው። መርፌ ቀየርኩ፤ እሱንም ሰበረችው። በመጨረሻ ጨርቁን ከሥር ነክሳ ያዘችው። ስስበው ከመሀል ተቀደደ።

ዘሀራ ስታየው እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ወላሂ አንቺን አምኜ ነው! ምን ለብሼ ልድራት ነው እንግዲህ?»

ያን ዕለት ጨርቅ በናፍጣ ነክሬ መኪናዋን እየጠረግኩ ሳያት ጥቁሩ ቀለም ከጨርቁ ጋር ተነሣ። ሥሩ ያረጀ አረንጓዴ ነው። አበባው ተልጦ ሲወርድ አንገቷ ላይ ስንጥቅ ታየኝ፤ በሆነ ጭቃ መሰል ነገር ሞልተው ደፍነውታል። ያቺ መኪና ስንት እጅ ዞራ፣ ወድቃ ተሰብራ እኔ ዘንድ እንደደረሰች እንጃ።

በማግስቱ ቆቦ ሄድኩ። በትሕትና ነበር የገባሁት።

«ጋሼ፣ መኪናዋ አልሰራ አለችኝ። ቀለሟም እየተላጠ ነው። ስንጥቅም አለባት።»

ቀና ብሎ አላየኝም። «ከዚህ ስትወጣ ደህና ነበረች። እጅሽ ነው ያበላሻት።»

«ሥሯ እኮ አረንጓዴ ነው፤ አዲስ ናት ብለውኝ ነበር።»

«ወጪ፤ ደንበኛ እያየሽ ነው።»

ወጣሁ። የመንግሥት ንግድ ቢሮ ገባሁ። ያነጋገረኝ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ግን ደረሰኝ ጠየቀኝ። የለኝም ስለው «ከዚያ ሱቅ መግዛትሽን የሚያውቅ ምስክር አምጪ» አለኝ። ምስክሬ አክስቴ ብቻ ነበረች።

ቤት ስመለስ አክስቴ ቀድማኝ ደርሳ እናቴ አጠገብ ተቀምጣለች። «ባሌን ለመንግሥት ትከሺዋለሽ? ይቺ ብልግና ከየት መጣች?» አለችኝ። እናቴ መሬት መሬት እያየች «ልጄ፣ አባትሽ ሲሞት አጠገባችን የቆሙት እነሱ ናቸው። ተይው» አለች። አክስቴ ከሄደች በኋላ እናቴና እኔ ለቀናት ተኳረፍን። ማሽላውን ስናበጥር እንኳ ጀርባ ተሰጣጥተን ነው። በመሀል የዋጃው ሰውዬ ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ፤ እናቴ ጠጅ ፈልጋ አስተናገደቻቸው። ያ ጠጅ የመኪናዬን ነገር የቀበረብኝ መሰለኝ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ማለዳ መኪናዋን አውቶቡስ ላይ አስጫንኳት። ዘሀራ የተቀደደውን ጨርቅ በፌስታል ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች። «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብላ ነበር። ቆቦ ስንደርስ ጋሪ ተከራይተን ሰውና ግመል በሞላው መንገድ መሀል ወደ ሱቁ ነዳነው። የቆላው ነፋስ አቧራውን እያነሣ ፊታችን ላይ ይረጫል።

መኪናዋን በረንዳው ላይ፣ ልክ የሱቁ በር ፊት ለፊት አወረድናት። ተቀምጬ መስፋት ጀመርኩ። ቁራጭ ጨርቅ አስገባለሁ፤ ትነክሰዋለች። እስባለሁ፤ ይቀደዳል። ሰው ቆም ቆም ማለት ጀመረ። ሱቁ ውስጥ ከጎብዬ የመጡ ባልና ሚስት እንደ እኔዋ ያለች ጥቁር መኪና ሊገዙ ዋጋ እየተከራከሩ ነበር፤ ሴትየዋ ወጥታ እጄን ትመለከት ጀመር።

ጋሽ አያሌው እየተንደረደረ ወጣ። «አንቺ ባለጌ! ከደጄ ላይ አንሺያት!» መኪናዋን በእግሩ ገፋት። ዘሀራ መሀል ገብታ የተቀደደውን ጨርቅ ፊቱ ላይ ዘረጋችው።

«ይህን ማን ይከፍለኛል? እርስዎ ነዎት የሸጡላት!»

«እኔ ለዚች ልጅ ምንም አልሸጥኩም!»

ያን ሲል ቁርጡን አወቅኩ። እስከዚያ ድረስ ከልቤ ጥግ «ሳያውቅ ይሆናል» የምትል ትንሽ ነገር ነበረች። ተነሥቼ ወደ ጎብዬዋ ሴትዮ ዞርኩ።

«እቴ፣ የምትገዢያትን በቁልፍ ጫፍ ከሥሯ ፋቅ አድርገሽ እያት። ከዚያም ስፊባት።»

ጋሽ አያሌው ሊከለክላት ሲሞክር ባሏ ክንዱን ያዘው። ሴትየዋ ፋቀች። ከጥቁሩ ሥር አረንጓዴ ወጣ። ባሏ የቆጠረውን ብር መልሶ ኪሱ ከተተ፤ የተሰበሰበው ሰው ጉምጉምታ በረታ። አንዱ ከኋላ ሆኖ «የእኔንም ፋኖስ ይዤ እመጣለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ያኔ የጋሽ አያሌው ድምፅ ተለወጠ። በጥርሱ መሀል «ግቢና ሌላ ውሰጂ» አለኝ። ያቀረበልኝን የመጀመሪያዋን ሞከርኩ፤ ክር በጠሰች፤ «ይህችም አትሆንም» አልኩት። ሁለተኛዋን ስሞክር እያላበው ከበላዬ ቆሟል። በርካታ ስፌት ሰፍቼ፣ ገልብጬ አይቼ ስስበው ተተረተረ፤ ተውኳት። ከጥጉ ያለችው፣ ምንም አበባ የሌላት አሮጌ መኪና ቀጥ አድርጋ ሰፋችልኝ። አሮጌ መሆኗን አልደበቀችም። እሷን መረጥኩ፤ የዘሀራንም ጨርቅ ዋጋ ሳይከፍል ከበሩ አልነቃነቅም አልኩ። ከፈለ። ደረሰኝም ጻፈልኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ዘመዴ አይደለሽም» አለኝ ወረቀቱን ሲወረውርልኝ።

«መኪናዋን ሲሸጡልኝም ዘመድዎ አልነበርኩም» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ እንደ እብድ ሆና ቤታችን ገባች። በገበያ ፊት አዋረድሽን፣ ሱቁ ሰው ጠላው፣ ልጆቼ ምን ይብሉ አለች። እናቴ አቀርቅራ ሰማቻት። እኔም ስፌቴን ቀጠልኩ። አክስቴን ይህ ይበልጥ ሳያናድዳት አልቀረም፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እኔ ምን ላድርግ! ለሌላ ሰው ብሎ ነው ያስቀባት! አንቺ ተጣድፈሽ መጣሽ!» አለች።

እናቴ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ታውቂ ነበር?»

አክስቴ ነጠላዋን ታስተካክል ጀመር። እናቴ ተነሥታ ሄደችና በሩን እስከ ዳር ከፈተችው። ታላቅ እህቷን በሕይወቷ ቀና ብላ ያላየች ሴት ናት።

«እትዬ፣ ልጆችሽ ይጠብቁሻል። ሂጂ» አለቻት።

በዚያው ሳምንት ወደ ዋጃ «አይሆንም» የሚል መልስ ተላከ። አሮጌዋ መኪና ብዙ ዘመን አኖረችን። ዘሀራም ልጇን ስትድር የለበሰችውን እኔ ሰፋሁላት። አክስቴ ግን ደጃችንን አልረገጠችም። ተመልሳ የመጣችው እናቴ ያረፈች ጊዜ ነው። ደረቷን እየደቃች አለቀሰች፤ ከዚያም አጠገቤ ተቀምጣ «እናትሽ ይቅር ብላኛለች?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

«አልነገረችኝም» አልኳት። እውነቴን ነው።

ሰው ሲያረጅ ቂሙ ይበርዳል ይላሉ። የእኔ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልለመንኩም። ባሏ ነጋዴ ነው፤ ሌላውን ሰው እንዳታለለው እኔንም አታለለኝ፤ እሱን ረስቼዋለሁ። አክስቴ ዛሬ ጎብዬ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ለዕቃ ወልድያ ስወርድ ሚኒባሱ እዚያ ይቆማል፤ አንዳንዴ ከደጅ ፀሐይ ስትሞቅ በመስኮት አያታለሁ። ወርጄ አላውቅም። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ባሏን መክሰስ፣ ከእሱ ጋር መጣላት አይጠበቅባትም ነበር። በዓይኗ ጠቅሳ «ይህችን አትውሰጂ» ብትለኝ ይበቃኝ ነበር።