ፍሪጁ የጋሽ ነገሪ አልነበረም

ሥራህ ምንድነው ስባል "ፊልም ላይ ነው የምሠራው" እላለሁ። ሰው ወዲያው ተዋናይ ያደርገኛል። አይደለሁም። እኔ ጠርሙስ አዟሪ ነኝ። ማለቴ፣ ተዋናዩ ውሃ ሲጠጣ የውሃው ስም ወደ ካሜራ እንዲዞር የማደርገው እኔ ነኝ። የሶፋው ፋብሪካ ምልክት በትራስ እንዳይሸፈን የምጠብቀውም፣ ሳሙናው ተገልብጦ ከተቀመጠ ቀረጻ የማስቆመውም እኔ ነኝ። ስፖንሰር ብሩን የሚያወጣው ለታሪኩ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ለዚያች ስም ነው። አሥር ዓመት ሠራሁበት፤ አሁንም እንጀራዬ ነው፣ እንጀራዬን ደግሞ እጠላዋለሁ።

የማወራው ግን ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ጋሽ ነገሪ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ነበሩ። ሃያ ሰባት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ሮጦ የሚመጣ ተሳፋሪ በመስታወት ካዩ አይሄዱም፤ ከኋላ ሰው ይጮህባቸዋል፣ እሳቸው ግን "ይድረስ እንጂ፣ እሱስ ሰው አይደል?" ብለው ይቆማሉ። እናቴ የሞተች ጊዜ ምሳዬ ወደ እነሱ ቤት ዞረ። ጋሽ ነገሪም ሆኑ ባለቤታቸው እትዬ መነን "ና ብላ" ብለውኝ አያውቁም። ሳህን ይጨመራል፣ እቀመጣለሁ፣ በቃ። ልጅ አልወለዱም ነበርና ሰፈሩ የነሱ ልጅ ያደርገኝ ነበር፤ እኔም አስተባብዬ አላውቅም።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ጠዋት ጠዋት ጫማቸውን ይወለውላሉ፣ ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወጥተው ከሾፌሮቹ ጋር ይቀመጣሉ። ኩሩ ሰው ነበሩ። ጨው እንኳ ከጎረቤት ሲጠይቁ አላየሁም። ስኳር በሽታ እንዳለባቸው የታወቀው ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ጡረታቸው ለመድኃኒቱ አይበቃም፤ ወሩን ራሱ ከአጋማሹ አያሻግርም። ያኖራቸው የነፃ ሕክምና ወረቀት ነበር። ቀበሌው "አቅም የሌለው" ብሎ ይጽፍላቸዋል፣ ሆስፒታሉ በዚያ መድኃኒቱን ይሰጣቸዋል። ወረቀቱ በየዓመቱ ጥር ላይ ይታደሳል፤ ለማደስ ደግሞ ሦስት የሰፈር ሰዎች ቤት ድረስ መጥተው አይተው መመስከር አለባቸው። ጋሽ ነገሪ ያን ወረቀት በአራት አጥፈው የኮታቸው ውስጥ ኪስ ውስጥ ነበር የሚያኖሩት። ሲያወጡት እንኳ ዘወር ብለው ነው።

ኢንሱሊኑ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ፍሪጅ የለም። እትዬ መነን እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ይቀብሩትና በየጊዜው ውሃ ያርከፈክፉበታል። ሐኪሙ ነው እንዲህ አድርጉ ያላቸው፣ ይሠራል።

ሁለት ሺህ አምስት ላይ እኔ የምሠራበት ድርጅት ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሊቀርጽ ሆነና ፕሮዲዩሰራችን አቶ አጽብሃ የደሃ ቤት አፈላልጉ አለን። የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ትንሽ ኪራይ ያገኛሉ፣ ቤቱም ይቀባላቸዋል ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ነገሪ መጀመሪያ አንገራገሩ፤ በኋላ እኔን እያዩ "ኢያቄም ከለመነን እሺ" አሉ።

ቀለም ቀቢዎቹ መጡና ሦስቱን ግድግዳ ቀቡ። አራተኛው ካሜራው የሚቆምበት ስለሆነ እንደ ጥንቱ ተዉት። ከዚያ የስፖንሰሮቹ ዕቃ ገባ፤ ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ ከእኔ የሚረዝም ነጭ ፍሪጅ፣ በውስጡ ደግሞ ጁስ በጁስ። ዳይሬክተሩ አልጣመውም።

"ደሃ ቤት ውስጥ ፍሪጅ ምን ይሠራል?" አለ።

"ልጃቸው ዱባይ ናት፣ ላከችላቸው። አንድ መስመር ጨምርበት" አለው አጽብሃ።

ተጨመረ።

ፍሪጁ የምር ይሠራ ነበር። ተዋናይዋ በሩን ስትከፍት መብራቱ ጁሱ ላይ መብራት አለበት። ውሉ ከስፖንሰሩ ዕቃ በቀር ምንም አይግባበት ይላል። እኔ ግን ቀረጻ ሲያበቃ እትዬ መነን ኢንሱሊኑን ከጁሶቹ ኋላ እንዲያስቀምጡ አደረግኩ፣ ጠዋት አወጣዋለሁ። አንድ ቀን ጋሽ ነገሪ በሩን ከፍተው እጃቸውን አስገብተው አገኘኋቸው። "ለካ እንዲህ ነው" አሉኝና ዘጉት። አራት ሳምንት ማሰሮው ዕረፍት አገኘ።

በሁለተኛው ሳምንት ዳይሬክተሩ ጋሽ ነገሪን ከነኮታቸው ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ሲያይ ወደዳቸው። የማይናገር አጎት ይሁኑልኝ አለ። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጁስ መያዝ ብቻ ነው። "ስኳር አለብኝ፣ ልጄ" አሉት። እኔ ጠርሙሱን ደፋሁት፣ አጠብኩት፣ ስኳር የሌለው ቀጭን ሻይ ሞላሁበት። ከሩቅ ሲታይ ያው ጁስ ነው። ከዚያ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አስተካከልኩና ስሙ እንዳይሸፈን ጠርሙሱን ወደ ካሜራ አዞርኩት።

"ይሳቁ" አልኳቸው።

"በምን ልሳቅ?"

"ሮጦ የደረሰው ተሳፋሪ ሲገባ 'እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ነገሪ' ይልዎት የለ?"

ሳቁ። ፎቶ አንሺው በዚያው አነሳቸው፣ ፎቶውንም በፍሬም አድርጎ ሰጣቸው። አልጋቸው በላይ ሰቀሉት።

ቀረጻው አለቀ፣ መኪና መጣ፣ ሶፋውም ምንጣፉም ፍሪጁም ተጫኑ። እትዬ መነን ማሰሮውን አጥበው አዲስ አሸዋ ሞሉት። ቀለሙ ብቻ ቀረ።

ድራማው ኅዳር ላይ መታየት ጀመረ። ሰፈሩ አበደ በሉት። ጋሽ ነገሪ ከቤት ሲወጡ ልጅ አዋቂው ይስማቸዋል። እኔም አብሬያቸው ስሄድ አንድ ጎረቤታችን፣ አቶ በለጠ፣ ከሱቁ በር ላይ አስቆማቸው። በለጠ ክፉ ሰው አይደለም፤ የቀበሌው መስካሪዎች ሰብሳቢ ነው።

"እንኳን ደስ ያልዎት ጋሽ ነገሪ። ቤቱ ተቀባ፣ ፍሪጅ ገባ። ጊዜ ሰጠ!"

 ጋሽ ነገሪ ኮታቸውን አስተካከሉና "አሜን" አሉ።

ትንሽ ራቅ እንዳልን "ጋሽዬ፣ ፍሪጁ እኮ ተወስዷል" አልኳቸው።

"ታዲያ ምን ልበለው? የሰው ነው፣ በጭነት መኪና መልሰው ወሰዱት ልበል? እንኳን ደስ ያለህ ላለህ ሰው መልሱ አሜን ነው።"

እቤት ስነግራቸው እትዬ መነን ተቆጡ። "አሜን ብለህ ተቀብለህ ነው እንግዲህ! በጥር ሲመጡ ምን ልትል ነው?" አሏቸው። ጋሽ ነገሪ ጫማቸውን መወልወል ቀጠሉ። እኔም ነገሩን አቀለልኩት። ሁሉም ሰው የድራማ ዕቃ መሆኑን ያውቃል፣ ማን ሞኝ አለ ብዬ ነበር። ሞኙ እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ሰው ያየውን እንዲያምን ማድረግ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ስሠራበት ይሠራል ብዬ አላመንኩም ነበር።

ጥር ላይ ሦስቱ መጡ። በለጠ ፊት ፊት ገባ። አዲሱን ቀለም አየ፣ ጥጉን አየ።

"ፍሪጁ የታለ?"

"ወሰዱት፤ የነሱ ነው" አሉ እትዬ መነን።

በለጠ ከሁለቱ መስካሪዎች ጋር ተያየ። ካዛንቺስ ውስጥ ቀበሌ ሲመጣ ዕቃ ጎረቤት ቤት ማሸሽ የቆየ ብልሃት ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል።

"እትዬ መነን፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሽ ነገሪንም እንኳን ደስ ያልዎት ብላቸው አሜን ብለውኛል። ልጅም ከዱባይ ይልክላችኋል ይባላል።"

"የምን ልጅ ነው?" አሉ እትዬ መነን። "እኔ መቼ ወለድኩ፣ በለጠ?"

እሱ አፈረ። ከኋላው ያለችው ሴትዮ ግን "ስኳር አለብኝ እያሉ ጁስ ሲጠጡም አይተናል" አለች። ጋሽ ነገሪ ይህን ጊዜ ቀና አሉ። ሻይ ነው ሊሉ ይችሉ ነበር። አራተኛውን ግድግዳ ሊያሳዩ ይችሉ ነበር። ግን በሰው ፊት ድህነታቸውን ማስረዳት ሞት ሆነባቸው። "ያያችሁትን ጻፉ" አሉ። ጻፉ። ወረቀቱ አልታደሰም።

እኔ በለጠ ጋ ሮጥኩ። ጠርሙሱን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ፍሪጁን ያስጫንኩት እኔ ነኝ አልኩት። ሰማኝ። "ኢያቄም፣ አምንሃለሁ" አለኝ፤ "ግን ተፈርሟል። ዕቃው የኛ ነው የሚል ማህተም ያለው ደብዳቤ ከድርጅታችሁ አምጣልኝ፣ በማግስቱ አሳድሰዋለሁ።"

ማህተም አጽብሃ ጋ ነው። ጉዳዩን ነገርኩት። ወንበሩን ሳብ አደረገ።

"ከፍሪጁ አስመጪ ጋር ያለን ውል ተመልካቹ ማስታወቂያ መሆኑን እንዳያውቅ ነው። ፍሪጁ ስፖንሰር ያመጣው ነው የሚል ወረቀት በኔ ማህተም ሰፈር ውስጥ ሲዞር ምን ይሉኛል? ድራማው ይለቅ፣ እጽፍልሃለሁ።"

"መቼ ያልቃል?"

"ግንቦት። ሁለተኛውም ምዕራፍ አለ፤ አንተም አለህበት።"

እሺ አልኩ። ይኸው ነው ያደረግኩት። ጠረጴዛ አልመታሁም፣ ሥራውን አልለቀቅኩም፣ እሺ ብዬ ወጣሁ። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ጋሽ ነገሪን "እስከ ግንቦት ይታገሱ" አልኳቸው።

"ምንም አይደል። በኔ ምክንያት ከጌታህ እንዳትጣላ" አሉኝ። እኔ ደግሞ እፎይ አልኩ። ይሄ እፎይታዬ ነው ዛሬም የሚያቃጥለኝ።

የቻልኩትን ያህል መድኃኒት ገዛሁ፣ እትዬ መነን የቀረውን ሞሉ። ጋሽ ነገሪ ግን ለእኛ ሳይነግሩን መጠኑን በግማሽ መውጋት ጀመሩ፤ እንዲበረክት። ሰውነታቸው ሲሟሽሽ እርጅና ነው አልን። መጋቢት ላይ የተወለወለው ጫማ የቀኝ እግራቸውን ትንሹን ጣት ላጠው። ስኳር ያለበት እግር አይሰማውም። እትዬ መነን ያወቁት ቁስሉ መሽተት ሲጀምር ነው። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ጣቱን፣ ቀጥሎ ከጉልበት በታች ያለውን ቆረጡ። ነዳጅ የሚረግጡበት እግር ነው። ስጠይቃቸው "አውቶማቲክ መኪና ለምጄ ቢሆን ኖሮ በግራው እነዳ ነበር" ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ። ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ።

ደብዳቤው በግንቦት መጨረሻ ወጣ። ሁለት መስመር ነው፤ "በድራማው ላይ የታዩት ዕቃዎች የነዋሪው አለመሆናቸውን እናረጋግጣለን።" ከሥር ማህተም። በለጠ ቃሉን አከበረ፤ በማግስቱ ወረቀቱን ራሱ ይዞ ሆስፒታል መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቁስሉ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ጋሽ ነገሪ ወረቀቱን ተቀበሉና በልማድ የኮታቸውን ኪስ በእጃቸው ፈለጉ። የለበሱት የሆስፒታል ፒጃማ ነው። ትራሱ ሥር አደረግኩላቸው። ከአምስት ቀን በኋላ ሞቱ።

ለለቅሶው ፎቶ ተፈለገ። ያለው የመታወቂያ ጉርድና ያ የድራማው ፎቶ ነው። እትዬ መነን የሚስቅበት ይሁን አሉ። ፍሬሙን አውርደው ሰጡኝ።

"ጠርሙሱን ግን አስጠፋልኝ። በስኳር ሞተ እየተባለ ጁስ ይዞ፣ ሰው ምን ይላል?"

ሰፈራችን ፎቶ ቤት ያላት ሰብሊ ስካን አድርጋ ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችው። ትልቅ ሆኖ ሲመጣ መጀመሪያ የታየኝ ፊታቸው አልነበረም፣ ስሙ ነው። ፊደሉ ሳይጎድል፣ ቀጥ ብሎ፣ ፊት ለፊት። በሙያዬ እንደዚያ አድርጌ ጠርሙስ አዙሬ አላውቅም። ሰብሊ ጠርሙሱን ጥቂት በጥቂት አጠፋችው፣ በቦታው ኮቱን ሞላችበት። እጁን ግን ማስተካከል አልቻለችም። ጣቶቹ እንደተጠማዘዙ ባዶ ጨብጠው ቀሩ።

ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለ። ከሾፌሮቹ አንዱ ረጅም ጊዜ ቆሞ አየውና "ምን ይዞ ነው?" አለ።

"መሪ ነዋ" አሉ እትዬ መነን። "ሾፌር አልነበር?"

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፣ ድንኳኑ በሙሉ ፎቶውን እያየ አለቀሰ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ምን እንደያዙ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ።