መጋረጃው የረዘመብን ሰሞን

እርጥብ ጨርቅ ላይ ካውያ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ነው ያስታወሰኝ። ባለፈው ቅዳሜ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር በተከራየሁት ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ከገበያ የገዛሁትን መጋረጃ አሳጥር ነበር። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። የስፌት መኪና የለኝም፤ ባጃጅ ይዞ ልብስ ሰፊ ጋ መሄዱም ታከተኝ። ጫፉን አጥፌ ውሃ ረጨት አድርጌበት ካውያውን ሳሳርፍ ያ የሞቀ ጥጥ ሽታ ቤቱን ሞላው። አዘንኩ አልልም፤ ደስም አላለኝም። ከተለያየን ጀምሮ ውስጤ ደንዝዟል። ሽታው ግን ሰው ይዞ መጣ፤ እትዬ ከድጃን።

እትዬ ከድጃን ያወቅኋቸው አባቴ በሞተበት ዓመት ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የምንኖረው መሥሪያ ቤቱ በሰጠው፣ ጣሪያው ከፍ ባለ ቤት ውስጥ ነበር። እሱ ታሞ ሲሞት ቤቱን ለተተካው ሹፌር ለቀን፣ መናኸሪያ ከአውቶቡሶቹ ማቆሚያ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራየን። የአዲሱ ቤት ጣሪያ ዝቅ ያለ፣ መስኮቱም ትንሽ ነበር። ከትልቁ ቤት ያመጣነው ባለ አበባ መጋረጃ ተሰቅሎ ወለሉ ላይ ተኛ። ታናሽ ወንድሜ በሮጠ ቁጥር እየጠለፈው ይወድቃል።

መጋረጃው አይከፈትም ነበር። ከውጭ ረዳቶቹ “ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ” ሲሉ፣ አውቶቡሶቹ ሲያጓሩ ይሰማናል፤ እኛ ቤት ግን ቀኑም ጨለማ ነው። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። ማልቀሱን ጨርሳ ነበር። ሰው ሲመጣ ቀና ትላለች፣ ሲሄድ ተመልሳ ትተኛለች። ጎረቤት ያመጣውን ምግብ ለወንድሜ የማበላው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት መሄድ ተውን፤ ለምን ቀራችሁ ያለንም አልነበረም። እኔም አላለቅስም። የማይሠራው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥናችን ላይ የለበሰው ዳንቴል ቀዳዳ ውስጥ ጣቴን እየከተትኩ እውል ነበር።

እትዬ ከድጃ በዚያው ግቢ፣ ከእኛ ፊት ለፊት ነው የሚኖሩት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ሴት ነበሩ። ሻርፓቸው ጫፍ ላይ ክር የገባበት መርፌ አይጠፋም። ባላቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሲሞቱ የባላቸው ወንድም መጥቶ የስፌት መኪናዋን ወደ አገር ቤት ጭኖ ሄደ። እትዬ ከድጃ ከዚያ በኋላ በእጃቸው እየሰፉ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት።

አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው ቁርስ ይዘውልን ገቡና ዓይናቸው መጋረጃው ላይ አረፈ።

“ዘነበች፣ ይሄ ነገር ልጁን አንድ ቀን ይሰብረዋል” አሏት እናቴን።

“ይተዉት እትዬ” አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

እትዬ ከድጃ በርጩማ ላይ ወጥተው ከሽቦው አወለቁት። ፀሐዩ ባንዴ ገባ፤ እናቴ በክንዷ ዓይኗን ሸፈነች።

“መልሰው ይስቀሉት።”

“አጥቤ፣ አሳጥሬ እሰቅልልሻለሁ። እስከዚያ ቻይው።”

ግቢው ውስጥ በሳፋ አጠብነው። ሳይታጠብ ያጠረ መጋረጃ ኋላ ውሃ ሲነካው እንደሚሰበሰብ የነገሩኝ ያኔ ነው። በማግስቱ ሲደርቅ የከሰል ካውያቸውን አንጠልጥለው መጡ። ከሽቦው እስከ መስኮቱ ግርጌ ለኩ፤ በደረቀ ሳሙና ስባሪ ምልክት አደረጉ፤ ጫፉን ሁለቴ አጥፈው ውሃ በአፋቸው እፍ እያሉ ተኮሱት። ሽታው ያኔ ነው ውስጤ የቀረው። ከዚያ ጨርቁን ወለሉ ላይ ዘርግተው እጥፋቱን ለጊዜው እንዲይዝ በሰፋፊው ወሰወሱት። እኔ ሌላኛውን ጫፍ ልይዝላቸው ሄድኩ።

“ተይው የኔ ልጅ” አሉኝ። ከዚያ ወደ አልጋው ዞሩ። “ዘነበች፣ ነይ ያዢልኝ።”

“ልጅቷ ትያዝልዎት።”

“ልጅቷ አባቷ ሞቶባታል” አሉ እትዬ ከድጃ። ድምፃቸውን አላሳደጉም። “አንቺ ነይ።”

እናቴ ዞረችና አየችኝ። ብዙ ጊዜ ያላየችው ሰው እንደሚታይ፣ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ አየችኝ። ከዚያ እግሯን ወለሉ ላይ አወረደች። ያልተሠራ ፀጉሯን በነጠላዋ ሸፍና ከእትዬ ከድጃ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ጨርቁን ያዘች።

እትዬ ከድጃ ሌላ መርፌ ሰጧትና ስፌቱ ከውጭ እንዳይታይ ከጨርቁ አንዲት ክር ብቻ እየነኩ እንዴት እንደሚቀመቅሙ አሳዩዋት። እናቴ ሰፋች፤ ተንጋደደባት፤ ፈትታ እንደገና ሰፋች። መሀል ላይ እንባዋ እጇ ላይ ይወርድ ጀመር፣ እሷ ግን መርፌዋን አላቆመችም። እትዬ ከድጃ አይዞሽ አላሏትም።

“ባሌ የሞተ ጊዜ እኔም ተኛሁ” አሉ፣ ዓይናቸውን ከስፌቱ ሳያነሱ። “ትልቋ ልጄ ለታናናሾቿ ልታበስል ትምህርቷን ተወች። እኔ ስነሳ እሷ አልተመለሰችም። በዚያው ቀረች።”

መጋረጃው ከሰዓት በኋላ ተሰቀለ፤ ከወለሉ ከፍ ብሎ ንፋስ ሲነካው ይወዛወዝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ፊቴን አጥባ፣ ፀጉሬን ሹሩባ ሠርታ ትምህርት ቤት ላከችን። እጇ ሻካራ ሆኖ ነበር፣ ስትጎነጉን አሳመመኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ምን እንደተሰማኝ አላስታውስም። የማስታውሰው ማመሙን ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች በረንዳ ላይ አብረው ሲሰፉ ዓመታት አለፉ። እትዬ ከድጃ ሲያረጁ ልጃቸው ጋ ወደ ወራቤ ሄዱ። መሞታቸውን የሰማነው በስልክ ነው። እናቴ ወራቤ ድረስ ሄዳ ለቅሶ ደረሰች።

እናቴ አሁን ሸምግላለች። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት እንደ ማንም ለቅሶ ትደርሳለች። ድንኳኑ ተነስቶ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን እሷ ተመልሳ ትሄዳለች። የሚያጽናና ቃል አታውቅም። ያልተነፋ ዱቄት ካለ ወንፊቱን ለሐዘንተኛዋ ታቀብላታለች፣ ልብስ ካለ አብረው ያጥባሉ።

ከባለቤቴ በተለያየሁ ሰሞን እኔም ጋ መጥታ ነበር። ምን ሆንሽ አላለችኝም። በፌስታል የያዘችውን ያልተፈለፈለ ቦሎቄ ትሪ ላይ ገልብጣ መሀላችን አስቀመጠችው፤ እስኪያልቅ ድረስ አብረን ፈለፈልን።