ያሰረው ይፍታው

የልጄ ቦቲ ጭቃ ውስጥ ሲሰጥም ከኋላ ነበርኩ። ባለቤቴ ከፊት ትሄዳለች። እስከ ዋናው መንገድ ወጥተው የተቀበሉን አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ልጄን በቀኝ እጇ ይዘው ይከተሏታል። እኔ ከቦንጋ ያመጣነውን ዘይትና ስኳር ተሸክሜ መጨረሻ ነኝ። ከማንኪራ አለፍ ብሎ ወደ አማቴ ቤት የሚወርደው ጫካ ለጫካ የሚሄድ የእግር መንገድ ነው፤ ሞተር የሚደፍረው ሲደርቅ ብቻ ነው። ጠዋቱን ሲያካፋ ነበር ያረፈደው። ቦቲው ሰጠመ፣ ልጅቷ ቆመች፣ አማቴም ማንም ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ እጇን ወደ ላይ ሳብ አደረጉት። እግሯ ወጣ፣ ቦቲው ቀረ፣ ልጅቷ ጮኸች።

አማቴ በኋላ “ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ” ብለዋል። እኔ አልሰማሁም። ያየሁትን ልናገር፦ ቀኝ ክንዷ ከክርኑ ትንሽ እንደታጠፈ ጎኗ ላይ ተንጠለጠለ፤ መዳፏ ወደ ሆዷ ዞሯል። በግራ እጇ ቀኟን ደግፋ ያዘች። ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ያንን አያያዝ ማን አስተማራት? ልነካት ስጠጋ “አትንካኝ” አለች። ከዚያ በፊት እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ቤት ስንደርስ ዝናቡ በርትቶ መጣ። ወደ ቦንጋ እንመለስ ወይስ እንደር የሚለው ክርክር አልቆየም። ባለቤቴ ወደ ዳገቱ አየች፣ ወደ ሰማዩ አየች፣ ወደ ቤት ገባች። አማቴ ግን ወጌሻ እንዲጠራ አስቀድመው ልከዋል። ወጌሻው የአጎታቸው ልጅ ናቸው፤ ከጎረቤት እንሰት ማሳ ባሻገር ነው ቤታቸው። የሰፈሩ ሰው ከዛፍ ሲወድቅ፣ ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ሲንሸራተት፣ ከብት ሲረግጠው ወደ እሳቸው ነው የሚሮጠው።

ሽማግሌው ገብተው እጃቸውን ታጠቡ። ልጅቷን ፊት ለፊት ቁጭ ብለው አዋሯት።

“እጅሽን ማን ሰረቀው?”

“ጭቃ።”

“ጭቃ ሌባ ነው። እኔንም አንድ ቀን ጫማዬን ወስዶብኛል። በይ እስቲ እናስመልሰው።”

ልጅቷ ልትስቅ ስትል ክርኗን በአውራ ጣታቸው ደገፉ፣ መዳፏን ወደ ላይ አዞሩ፣ ክንዷን አጠፉት። ጮኸች። ከዚያ በቃ። “ገባ” አሉና እጃቸውን አነሱ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ ማር ያለበት ሰፈፍ ስታቀርብላት ልጅቷ ቀኝ እጇን ዘርግታ ተቀበለች። ሁላችንም ሳቅን። አማቴ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

ነገሩ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ግን እውነት ስለሆነ ይኑር።

“እሰርላት” አሉ አማቴ።

“ገብቷል እኮ፣ እህቴ። ማሩን በምን እንደያዘችው አላየሽም?”

“ይህቺ አርፋ የምትቀመጥ ልጅ ናት? ነገ ብትሮጥ፣ ብትወድቅስ? የሰው ልጅ ናት። በእኔ እጅ ነው የሆነው። እሰር።”

“የሰው ልጅ” ሲሉ “ሰው” ያሉት እኔን ነው። በእሳቸው ዘንድ ልጅ የአባቷ ወገን ናት፤ እናቷ ቤት ስትመጣ አደራ ናት። እኔ ደግሞ ማሰሩን የጥንቃቄ ምልክት አድርጌ ነበር ያየሁት። ባለቤቴም አልተቃወመችም። ሽማግሌው ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ በቢላ አለስልሰው፣ ከክንዷ ላይ እስከ እጅ አንጓዋ ዙሪያውን ደረደሩት። አማቴ የራሳቸውን ነጠላ ቀደው ሰጧቸው።

“ጠበቅ አድርገው።”

“ጠብቋል።”

“ሌሊት ትፈታዋለች። ጠበቅ።”

ጠበቅ አደረጉት። ሲነሱ ለሁላችንም የሚሆን ትእዛዝ ሰጡ፦ ያሰረ ሰው ራሱ ይፈታል፤ ሳምንት ሳይሞላ ማንም እንዳይነካው፤ ሌላ እጅ ከነካው አጥንት ያኮርፋል። አጥንት ካኮረፈ ደግሞ ጠምዝዞ ነው የሚይዘው፣ አይታረቅም። በማግስቱ ለቅሶ ለመድረስ ሺሺንዳ እንደሚሄዱ ተናግረው ወጡ።

ልጅቷ ሌሊቱን አለቀሰች። አማቴ እቅፍ አድርገዋት ተቀምጠው አነጉ። ጠዋት ዝም አለች። ያን ዝምታ ሁላችንም በየራሳችን ተረጎምነው። አማቴ “አያችሁ? ተወላት” አሉ። ባለቤቴ ቆጮ ቆርሳ ልታበላት ሞከረች፣ ልጅቷ ፊቷን አዞረች። እኔ ከእስሩ ጫፍ የወጡትን ጣቶች አየሁ። አብጠዋል። ቀለማቸው የግራ እጇን ቀለም አይመስልም፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊ አድልቷል። ስነካቸው ይቀዘቅዛሉ። በዚህ ጊዜ “አትንካኝ” አላለችም።

“የኔ ልጅ፣ ያምሻል?”

“አያመኝም።”

“እስቲ ጣትሽን አንቀሳቅሺልኝ።”

ጣቶቿን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አየቻቸው። “እጄ ተኝቷል፣ አባ” አለች።

“ይተኛ፣ ይተኛ” አሉ አማቴ ደስ ብሏቸው። “ሲተኛ ነው የሚድነው።”

ስልክ የሚሠራው ከቤቱ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ነው። ወጣሁ። መጀመሪያ ወጌሻው ጋ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ቀጥዬ ቦንጋ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ነርስ ጋ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበረች፣ ድምፅዋ ይቆራረጣል።

“ጋሼ፣ ጥፍሯን ይጫኑት። የጤነኛ እጅ ጥፍር ሲለቁት ቶሎ ቀይ ይሆናል። የእሷስ?”

“አላየሁም። ቀዝቅዟል ግን። አብጧል። አያመኝም ትላለች።”

“አያመኝም? ጋሼ፣ ስታለቅስ ነበር መደወል የነበረብዎት። አሁኑኑ ይፍቱት። ሲፈታ ትጮኻለች፤ አይደንግጡ፣ መጮኋ ጥሩ ነው። ከዚያ ቶሎ ይዘዋት ይምጡ።”

“ወጌሻው ካልፈታው እያሉ ነው።”

“ወጌሻው የት ናቸው?”

“ሺሺንዳ።”

“ጋሼ፣ እጁ ወጌሻውን አይጠብቅም።”

ጋዜጠኛ ነኝ፤ ብዙ አደጋ ዘግቤያለሁ። የመኪና ግልበጣ፣ የመሬት መንሸራተት። በእንደዚህ ያለ ጊዜ መሮጥ ስህተት ያመጣል ብዬ ለወጣቶቹ ባልደረቦቼ እነግራቸዋለሁ። ከኮረብታው የወረድኩት ግን እየሮጥኩ ነው።

የሁለቱንም እጆቿን ጥፍር ለአማቴ አሳየኋቸው። የግራውን ተጫንኩ፣ ነጣ፣ ወዲያው ቀላ። የቀኙን ተጫንኩ። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብላ ታያለች። ቀለሙ አልተመለሰም።

“እማማ፣ ደም እየደረሳት አይደለም። መፍታት አለብን።”

“አንተ የከተማ ሰው” አሉኝ፤ ለእኔ ሲሆን አማርኛቸው አጭር ነው። “ሁሉን በስልክ ታውቃለህ። ያሰረው ይፍታው።”

“እሳቸው እስኪመጡ እጇ አይቆይም።”

“አጥንቱ ቢያኮርፍስ? እጇ ቢጣመም ማን ያገባታል? ስልክህ ያገባታል?”

ልጅቷን ወደ ጉያቸው ሳቧት። ከዚያ ባለቤቴ በካፍኛ መናገር ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። ካፍኛ እሰማለሁ፣ ሲፈጥን ግን ያመልጠኛል። የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “እናቷ እኔ ነኝ።” አማቴ መለሱላት፣ እሷም መለሰች። መጨረሻ ላይ ከጓዳ ቆጮ የሚቆረጥበትን ቢላ ይዛ መጣች። እናቷን አልገፋቻቸውም። አጠገባቸው ተንበርክካ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ “እማዬ፣ ክርኗን ያዢልኝ። እንዳይነቃነቅ” አለቻቸው።

አማቴ ያዙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ግን ያዙ። ባለቤቴ ነጠላውን ከላይ ጀምራ ቀደደችው። ቀርከሃው አንድ በአንድ ወደቀ። ከሥሩ ያለው ቆዳ ቀርከሃው ባረፈበት ሁሉ ነጭ መስመር መስመር ሆኖ ሰርጉዷል። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ከዚያ ልጅቷ ጮኸች። ትናንት ጭቃው ላይ ከጮኸችው ጋር አይወዳደርም። ደሙ እየተመለሰ መሆኑን ነርሷ ስለነገረችኝ አውቃለሁ። ለአማቴ ግን ማንም አልነገራቸውም።

“አኮረፈ” አሉ። “አላልኩም?”

ዳገቱን ተሸክሜያት ወጣሁ። ባለቤቴ የልጅቷን እጅ ከፍ አድርጋ ደግፋ ከጎኔ ትሄዳለች። ከዋናው መንገድ ሚኒባስ ቦንጋ አደረሰን። ሆስፒታል ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና “የተሰበረ ነገር የለም። ክርኑም ቦታው ላይ ነው” አለ። “ለምን ታሰረ?”

መልሱን አውቃለሁ። ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚባል አልነበረም።

“እጁ አይቆረጥም” አለ ቆይቶ። መቆረጥ የሚባል ነገር ሊኖር ይችል እንደነበር የሰማነው ያኔ ነው። ባለቤቴ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። “ጡንቻውና ነርቩ ግን ተጎድቷል። ምን ያህል እንደሚመለስ ዛሬ ልነግራችሁ አልችልም።”

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በለብ ያለ ውኃና በመለማመጃ ሄደ። ጠዋትና ማታ ጣቶቿን አንድ በአንድ እንዘረጋለን፣ እናጥፋለን። ሦስቱ እየተሻላቸው መጡ። ትንሿ ጣትና ከጎኗ ያለችው እንደታጠፉ ቀሩ። ስንዘረጋቸው ይዘረጋሉ፣ ስንለቃቸው ይመለሳሉ። ሲበርድ እጇ አሁንም ቀለም ይቀይራል፤ ቦንጋ ደግሞ የሚበርድበት ወር ብዙ ነው።

ወጌሻው አንድ ቀን ቤታችን ድረስ መጡ። ማር ይዘዋል። ልጅቷ ስታያቸው ከባለቤቴ ቀሚስ ኋላ ገባች፤ አልጠሯትም። ከሩቅ ሆነው እጇን ብቻ አዩ።

“ከለቅሶው ስመለስ ነው የሰማሁት” አሉ። “ክርኑ ገብቶ ነበር፣ አባቷ። አንተም አይተሃል።”

“አይቻለሁ።”

“ጠበቅ አድርግ አለችኝ። አላልኩህም ትላለች አሉ አሁን።”

አማቴ በእርግጥም እንደዚያ ነው የሚሉት፦ “ያጠበቀው እሱ ነው፣ እኔ እሰር ነው ያልኩት።” ባለቤቴ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም ትላለች። እኔ የሰማሁትን ከላይ ጽፌዋለሁ። ሥራዬ ማን ምን አለ የሚለውን ማጥራት ነው፤ ለብዙ ዓመት ነገር ሲጣራ የሚቀል ይመስለኝ ነበር። ይህ ተጣርቷል። ለባለቤቴ ግን አንድ ቀን እንኳ አንስቼላት አላውቅም፤ እናቷ ናቸው። ለአማቴም አልነገርኳቸውም። ሌሊቱን ሙሉ አቅፈዋት ያደሩት ያን እጅ ነው።

ጥቂት ወራት ቆይተው አማቴ ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦንጋ ቤታችን መጡ። ምሳ ቀርቦ ሁላችንም አንድ ትሪ ከበብን፤ ለሰላምታ የገቡ አንዲት የጎረቤት ሴትም አብረውን ቀረቡ። ልጅቷ ግራ እጇን ዘረጋች። እኔና ባለቤቴ ለምደነዋል፣ አናየውም። ጎረቤታችን ግን በደግነት፣ ማንም ትልቅ ሰው ልጅ እንደሚያርመው፣ “በቀኝሽ እንጂ፣ የኔ ቆንጆ! በግራ ይበላል እንዴ?” አሉ።

ልጅቷ ታዛዥ ናት። ግራዋን ሰብስባ ቀኟን አወጣች፣ እንጀራውን በሦስት ጣቷ ቆረሰች፣ ወጡን ልትጠቀልል ሞከረች። ሁለቱ የታጠፉ ጣቶች መንገድ ዘጉባት። ጉርሻው ከአፏ ሳይደርስ ጭኗ ላይ ወደቀ። ሴትየዋ እጁን ያኔ አዩና “ውይ” አሉ።

አማቴ የወደቀውን ከልጅቷ ቀሚስ ላይ ለቅመው ራሳቸው በሉት። ቀና ብለው ማንንም አላዩም። ወጡ የነካውን ቀሚስ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ለልጅቷ በካፍኛ አንድ ነገር አሏት። ልጅቷ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ግራ እጇን ዘረጋች።