የመደበቂያው ቅጠል

ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የሰውን ሐዘን እንደ ላቦራቶሪ ውጤት በወረቀት ላይ ማስፈር ተገቢ መሆኑን እስከ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ኖንግ ሩይፌን የስልሳ ሁለት ዓመት ሴት ናቸው። በደቡብ ቻይና በጂንግሺ ከተማ ገበያ የመድኃኒት ቅጠል ይሸጣሉ፤ እኔ ለምማርበት ላቦራቶሪም ዕፅዋት ያቀርባሉ። ከሃያ ዓመት በፊት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ዪንሜይ በኢንፍሉዌንዛ ስትታመም፣ ሦስት ቀን አንድ ቅጠል እየቀቀሉ አጠጧት። በአራተኛው ቀን ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ በአምስተኛው ሞተች። ሐኪሙ፣ ቅጠሉ ጊዜ አባከነባት ብሎ ነገራቸው።

አምና ያንኑ ቅጠል ከትፈው አመጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«መነጽራሙ፣ ይሄ ቫይረሱን ይገድል እንደሆነ እይልኝ።»

«አክስቴ፣ ከምንመረምራቸው ዕፅዋት ዝርዝር ውስጥ የለም እኮ።»

«እኔስ ከመቼ ወዲህ ነው ዝርዝር ውስጥ የገባሁት? እየው አልኩህ።»

ጭማቂውን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በያዙ ሕዋሳት ላይ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ቫይረሱ ጠፍቶ ነበር። መምህሬን እንኳ ሳልጠይቅ ወደ ገበያ ሮጥኩ። ሩይፌን ሚዛናቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ።

«ለካ አላታለልኳትም» አሉ፤ ከዚያም ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

በማግስቱ ጭማቂው ብቻ የተጨመረባቸውን ጤነኛ ሕዋሳት አየሁ። እነርሱም ሞተዋል። ቫይረሱ የጠፋው መኖሪያው ስለሞተበት ነበር። ይህን አስቀድሜ ማየት ይገባኝ ነበር።

ሄጄ ነገርኳቸው።

«መርዝ ነው ያጠጣኋት?»

ድንገት ቀና አሉ።

«ቆይ። ያመጣሁልህ ንጹሕ አይደለም። መደበቂያ አለበት።»

የጂንግሺ ቅጠል ሻጮች መድኃኒታቸውን ሌላ ሻጭ እንዳይለይባቸው ከትፈው ባዕድ ቅጠል ይቀላቅሉበታል። የሩይፌን እጅ ይህን ለምዶ ለእኔም ቀላቅሎልኛል።

«ለዪንሜይስ?» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«ለገዛ ልጁ ማን ይደብቃል?»

በነጋታው ቅጠሉን ሳይከትፉ ከነቅርንጫፉ አመጡት። ከጤነኞቹ ሕዋሳት ጀምሬ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሞከርኩት። ሕዋሳቱ አልሞቱም፤ መርዙ መደበቂያው ነበር ማለት ነው። ቫይረሱም አልሞተም።

«አልጎዳትም፣ አክስቴ።»

«ሌላውን በል።»

«አልረዳትምም።»

ሚዛኑን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። «እንግዲህ ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ይዤ ተቀምጫለሁ።»

የእኛ ሙከራ በሰው ገላ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ እንደማያሳይ ላስረዳቸው ጀመርኩ።

«ተወው ልጄ፤ ደንበኛ ቆሟል» አሉኝ።

ያን ቅጠል ዛሬ አይሸጡም። ለእኛ የሚያመጡትን ሁሉ ግን ሳይከትፉ ከነሥሩ ያስረክባሉ። ላቦራቶሪው በኪሎ አሥራ ሁለት ዩዋን ይከፍላቸዋል፤ ከገበያው ሽያጭ ጋር በወር ዘጠኝ መቶ ዩዋን ገደማ ያገኛሉ።